የሙዝ እርሻው ሰዓት መዝጋቢ፦ የወጣትነት ጉዞ የማርከስ ጋርቬይን ፖለቲካ እንዴት ቀረጸው?

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ጃማይካዊውን የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ ማርከስ ጋርቬይን እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው በራስታዎች በኩል ነው። እነሱ እንደ ነቢይ ያዩታል። ታሪኩ ሲነገርም ብዙ ጊዜ ከኒው ዮርክ ይጀመራል፤ ከሃርለም ሰልፎች፣ ከላባው ባርኔጣ፣ ከመርከብ ኩባንያው። እኔን የሚስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ወጣት ነው። ገንዘብ የለውም፣ ስሙን የሚያውቅ የለም፣ ከወደብ ወደ ወደብ ሥራ ፍለጋ ይዞራል።

በ1908 የዚህ ሰው ጥያቄ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ደመወዝ ነበር። በ1914 ጥያቄው የጥቁር ሰው መንግሥት የት አለ፣ ሠራዊቱስ፣ አምባሳደሩስ የሚል ሆነ። በስድስት ዓመት ውስጥ ምን ተፈጠረ? ትልቁ መልስ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሳሳኝ ሌላም ነገር አለ። ያልሄደበት ቦታ ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳስተው ከዚህ ሕይወት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በታሪክ የታወቁ ጥቂት ሰዎችን ብቻ በስም እጠራለሁ። አጎቱን፣ እህቱን፣ ኮንሱሉንና ሌሎቹን በሥራቸው እጠቅሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ጋርቬይ ኦገስት 17 ቀን 1887 በሰሜን ጃማይካ፣ ሴንት አንስ ቤይ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ጃማይካ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። አባቱ ግንበኛ ነበር። ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የክርስትና አባቱ ማተሚያ ቤት ገብቶ ሙያውን ተማረ።

እሱ ራሱ ኋላ የጻፈው አንድ የልጅነት ትዝታ አለ። ከጎረቤታቸው ከነጩ ሰባኪ ሴት ልጅ ጋር አብረው ይጫወቱ ነበር። 14 ዓመት ሲሞላቸው ወላጆቿ ወደ ኤድንብራ ላኳት። ከዚያ ወዲያ እንዳትጽፍለትም ነገሯት፤ ምክንያቱ ጥቁር መሆኑ ነው። ሰው በቀለም እንደሚለያይ ያኔ አወቅሁ ይላል። ልብ በሉ፣ ይህን ትምህርት የሰጠው የሌላ ሰው ጉዞ ነው። እሷ ሄደች፣ እሱ ቀረ።

ወደ ዋና ከተማው ወደ ኪንግስተን ሄዶ በአንድ ትልቅ ድርጅት ማተሚያ ክፍል ተቀጠረ። ጎበዝ ስለነበር ገና በወጣትነቱ ፎርማን ሆነ። በ1907 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራረሳት። ኑሮ ተወደደ። በ1908 መጨረሻ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ጋርቬይ ፎርማን ነውና ከአሠሪው ጎን ሊቆም ይችል ነበር። ከፊደል ለቃሚዎቹ ጋር ወጣ። አድማው ከሸፈ፣ እሱም ሥራውን አጣ።

ችግሩ

ከዚያ በኋላ ሊያደርግ የሞከረውን ስታዩ ችግሩ ይገባችኋል። በመንግሥት ማተሚያ ቤት ሠራ። በ1910 የራሱን ትንሽ ጋዜጣ ጀመረ፤ ብዙም አልቆየም። በአንድ የፖለቲካ ክበብ ውስጥ ገባ። ቁጣው ነበረ፣ ብዕሩም ነበረ። ነገሩ ግን ሁሉ በጃማይካ ልክ የተሰፋ ነበር። ክፉ ቀጣሪ፣ ክፉ አገረ ገዥ፣ ደካማ የሠራተኛ ማኅበር። ይህ ሁሉ ቢስተካከል ነገሩ የሚያልቅ ይመስል ነበር።

ገንዘብም አልነበረውም። ስለዚህ በዘመኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የካሪቢያን ሰዎች ያደረጉትን አደረገ። ወጣ። የፓናማ ቦይ እየተቆፈረ ነበር። በመካከለኛው አሜሪካ ዳርቻ የሙዝ እርሻ እየተስፋፋ ነበር። ሁለቱም የጥቁር ጉልበት ይፈልጋሉ።

ሊሞን፦ ደብተር የያዘው ሰው

በ1910 ኮስታ ሪካ ገባ። አጎቱ በወደቧ በሊሞን አካባቢ፣ በዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ የሙዝ እርሻ ላይ ሥራ አገኘለት። ሥራው ሰዓት መዝጋቢነት ነው። ማን መቼ ገባ፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ምን ይከፈለዋል፤ ይህን በደብተር ላይ ማስፈር።

ለእኔ ይህች ደብተር የጉዳዩ እምብርት ናት። ሙዝ ተሸካሚ ሆኖ ቢገባ የራሱን ትከሻ ሕመም ያውቅ ነበር። አለቃ ቢሆን ሕመሙን አያየውም። መዝጋቢ መሃል ላይ ይቆማል። የእያንዳንዱን ሰው ድካም በቁጥር ያየዋል፣ ክፍያውንም ከጎኑ ያየዋል። ሥራው ደግሞ ከባድ ነው። ጫካ ይመነጠራል፣ ረግረጉ ላይ ቦይ ይቆፈራል፣ የሙዙ ዘለላ በትከሻ እስከ ባቡሩ ይደርሳል። ወባ አለ፣ እባብ አለ። ባቡሩም፣ ሱቁም፣ ሙዙን የሚጭኑት ነጭ ቀለም የተቀቡ መርከቦችም የዚያው ኩባንያ ናቸው። ሠራተኛው በአንድ እጁ የተቀበለውን በሌላው እዚያው ሱቅ ይመልሳል።

ጋርቬይ ዝም አላለም። ሠራተኞቹ የእንግሊዝ ተገዥዎች ስለነበሩ ወደ እንግሊዝ ኮንሱል ሄዶ አቤት አለ። ያገኘው መልስ ግዴለሽነት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር የተሰበረ ይመስለኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ በትምህርት ቤት የተማረው፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዥ መሆን ጥበቃ አለው የሚለው ነበር። ወረቀቱ አለ፤ ጥበቃው ግን የለም። ከአገር ወጥቶ አቤት የሚልበት ያጣ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

እዚያው ሊሞን ውስጥ ጋዜጣ ጀመረ። አልዘለቀም። ወደ ፓናማ ተሻገረ።

ወርቅና ብር

በፓናማዋ የወደብ ከተማ በኮሎን ያገኘው ነገር ደግሞ የባሰ ግልጽ ነበር። በፓናማ ቦይ አስተዳደር ውስጥ ሁለት የክፍያ መዝገብ ነበር፤ የወርቅና የብር። በወርቅ የሚከፈላቸው በዋናነት ነጭ አሜሪካውያን ናቸው። በብር የሚከፈላቸው በአብዛኛው ከካሪቢያን የመጡ ጥቁሮች ናቸው። ልዩነቱ በደመወዝ አያበቃም። መኖሪያ ቤቱ፣ ሱቁ፣ የፖስታ ቤቱ መስኮት፣ ሁሉም በወርቅና በብር ተከፍሎ ነበር። በአሜሪካኖቹ የግንባታ ዘመን ብቻ 5,609 ሰዎች እንደሞቱ መዝገቡ ያሳያል። አብዛኞቹ የካሪቢያን ጥቁሮች ነበሩ።

እዚህም ጋዜጣ ላይ ሠራ፤ እሱም ቆመ። ሌሎች የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ አገሮችንም ዞሮ በየቦታው ያንኑ እንዳየ ኋላ ጽፏል። ባንዲራው ይለያያል፣ ቋንቋው ይለያያል፣ ከታች ያለው ፊት አንድ ነው።

ጉዞው የሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። በአንድ ቦታ ያየኸውን ግፍ በአንድ ክፉ አለቃ ልታሳብበው ትችላለህ። በሁለተኛው ቦታ ትጠራጠራለህ። በሦስተኛው ግን አለቃውን መክሰስ ትተህ አሠራሩን መጠየቅ ትጀምራለህ። ጋርቬይ ወደ ጃማይካ የተመለሰው ይህን ይዞ ነው። የያዘው ነገር ገና ስም አልነበረውም።

ሎንዶን፦ ሌሎቹን ማግኘት

በ1912 ወደ ሎንዶን ተሻገረ። እህቱ እዚያ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። እሱ ወደብ አካባቢ ያገኘውን ይሠራል፣ በበርክቤክ ኮሌጅ ትምህርት ይከታተላል፣ ፓርላማ ገብቶ ከእንግዶች መቀመጫ ክርክር ያዳምጣል። ሃይድ ፓርክ ሄዶ ሳጥን ላይ ቆመው የሚናገሩ ሰዎችን ያያል። የንግግር ችሎታው የተሳለው በዚህ ሁሉ መሃል ነው።

ዋናው ግን አንድ መጽሔት ነው። አፍሪካን ታይምስ ኤንድ ኦሪየንት ሪቪው ይባላል። አዘጋጁ ዱሴ ሞሐመድ አሊ፣ ከግብጽና ከሱዳን ወላጆች እንደተወለደ የሚናገር የቀድሞ ተዋናይ ነበር። መጽሔቱ የተመሠረተው በ1912 ሲሆን፣ መነሻው ከዓመት በፊት ሎንዶን ላይ የተካሄደው የዓለም ዘሮች ጉባኤ ነው። ጋርቬይ እዚያ ገብቶ ያገኘውን ሥራ ሠራ። ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከግብጽ፣ ከሕንድ የሚመጡ ሰዎችና ጽሑፎች በዚያች ቢሮ ያልፋሉ። ሊሞን ላይ የብቻው ይመስለው የነበረው ጥያቄ፣ የቅኝ ተገዥዎች ሁሉ ጥያቄ ሆኖ ጠበቀው።

በኦክቶበር 1913 መጽሔቱ ላይ ጽሑፍ አወጣ። የካሪቢያን ሰዎች የተበተነውን ሕዝብ የሚያሰባስቡ እንደሚሆኑ፣ ፀሐይ የማይጠልቅበት የራሳቸውን ታላቅ መንግሥት እንደሚመሠርቱ ተነበየ። ጽሑፉን ስታነቡ ሁለት ነገር አብሮ ይታያል። አንዱ ከሊሞን የመጣው ወንድማማችነት ነው። ሌላው ከሎንዶን የተዋሰው የግዛት ሕልም ነው። ይህ ሁለተኛው ኋላ ዋጋ አስከፍሎታል።

የጥቁር አሜሪካውያኑን መሪ የቡከር ቲ ዋሽንግተንን የሕይወት ታሪክ ያነበበውም በዚህ ጊዜ ነው። የጥቁር ሰው መንግሥት የት አለ የሚለውን ጥያቄ የሚያያይዘው ከዚያ ንባብ ጋር ነው። ፈልጌ አጣሁ፣ ስለዚህ በመሥራቱ እረዳለሁ አልኩ ይላል። መጽሐፉን ብዙ ሰው አንብቦታል። ይህን ጥያቄ ያወጣው ግን የወርቅና የብር መስኮት አይቶ የመጣ አንባቢ ነው።

መርከቡ ላይ

በጁን 1914 ከእንግሊዝ ወደ ጃማይካ ተሳፈረ። መርከቡ ላይ አንድ የካሪቢያን ሰው አገኘ። ሰውየው ከባሱቶላንድ፣ ከዛሬዋ ሌሶቶ፣ ከሚስቱ ጋር እየተመለሰ ነበር። ሚስቱ የዚያ አገር ሰው ናት። ስለ አገሬው ሰው ስቃይ የነገረው ነገር ጋርቬይን እንቅልፍ ነሳው። ያን ሌሊት ጓዳው ውስጥ ተኝቶ ሲያስብ የማኅበሩ ስም መጣልኝ ይላል። ዩኒቨርሳል ኔግሮ ኢምፕሩቭመንት አሶሲየሽን። ዓለም አቀፍ የጥቁሮች ዕድገት ማኅበር ማለት ነው።

ጁላይ 15 ጃማይካ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩን መሠረተ። መሪ ቃሉ አንድ አምላክ፣ አንድ ዓላማ፣ አንድ ዕጣ ፈንታ የሚል ነበር።

የሠራው

መጀመሪያ ላይ ብዙም አልሠራም። ጃማይካ ውስጥ የሙያ ትምህርት ቤት ለመክፈት አሰበ፣ ለዋሽንግተንም ጻፈ። ዋሽንግተን መለሰለት፤ ሳይገናኙ ግን በ1915 ሞተ። ጋርቬይ በማርች 1916 ኒው ዮርክ ሲገባ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ሃርለም ላይ ባዘጋጀው የመጀመሪያ ንግግር ከመድረክ ወደቀ። እንደገና ወደሚያውቀው ነገር ተመለሰ፤ ወደ መንገድ። 38 የአሜሪካ ግዛቶችን ዞርኩ ይላል። ሰው እንዴት እንደሚኖር አየ፣ ምን እንደሚያስጨበጭበው አወቀ፣ ከዚያ ሃርለም ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ1918 ኔግሮ ወርልድ የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረ። ኪንግስተን፣ ሊሞን፣ ኮሎን ላይ የወደቁት ትንንሽ ጋዜጦች እዚህ ፍሬ አፈሩ። ጋዜጣው የስፓኒሽና የፈረንሳይኛ ገጾች ነበሩት። የሙዝና የሸንኮራ ሠራተኛው የት እንዳለ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያነብ ጋርቬይ በአካል ያውቃል። መርከበኞች ከወደብ ወደብ ያደርሱታል። በርካታ የቅኝ አስተዳደሮች ከለከሉት፣ ሰው ደብቆ ያስገባዋል። ከአሜሪካ ውጭ ብዙ የማኅበሩ ቅርንጫፍ የነበረባት አገር ኩባ ናት። ፓናማና ኮስታ ሪካም ከፊተኞቹ መሃል ነበሩ። ወጣቱ ጋርቬይ የሠራባቸው ዳርቻዎች ማለት ነው። በ1921 ወደ ሊሞን ተመልሶ ሲመጣ፣ አንድ ጊዜ ሰዓት የሚመዘግብላቸው ዓይነት ሠራተኞች በብዛት ወጥተው ተቀበሉት።

በኦገስት 1920 ኒው ዮርክ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተካሄደ። የጥቁር ሕዝቦች የመብት መግለጫ ወጣ። ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ ባንዲራ ተመረጠ። መዝሙሩም ጸደቀ፤ ኢትዮጵያ፣ የአባቶቻችን ምድር ብሎ የሚጀምር። ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል ጋርቬይ ደጋግሞ ይጠቅሰው ነበር።

ያልሠራው

ብላክ ስታር ላይን የተባለው የመርከብ ኩባንያ በ1919 ተቋቋመ። አንዱ አክሲዮን 5 ዶላር ነው፤ የቤት ሠራተኛዋም በረኛውም ገዙ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። በሊሞን ወደብ ሙዙን ማን ተከለ፣ መርከቡስ የማን ነበር? ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የመርከብን ንግድ ግን አያውቅም ነበር። የመጀመሪያዋን መርከብ ያርማውዝን በ165,000 ዶላር ገዙ። መርከቧ በ1887 የተሠራች ነበረች፤ የጋርቬይ እኩያ። በአንድ ጉዞ ኮኮናት ጭና ስትመለስ፣ ለሰልፍና ለአቀባበል በየወደቡ እንድትቆም ተደረገና ጭነቱ በሰበሰ። ኩባንያው በ1922 ሥራ አቆመ። በዓመቱ ጋርቬይ በፖስታ በኩል በማጭበርበር ተፈረደበት። ታሰረ፣ በ1927 ከአሜሪካ ተባረረ። በክሱ ውስጥ ፖለቲካ እንደነበረበት አልጠራጠርም። ከ5 ዶላሩ አንፃር ግን የጠፋው ገንዘብ እውነተኛ ነው።

ከመርከቡ በላይ የሚያሳዝነኝ ላይቤሪያ ነው። ጋርቬይ ማኅበሩን እዚያ ለማስፈር አስቦ በ1920 መልዕክተኛ ላከ። መልዕክተኛው አይቶ ተመለሰ፣ ምስጢራዊ ዘገባም ጻፈ። ከአሜሪካ መጥተው አገሪቱን የሚገዙት ቤተሰቦች የአገሬውን ሰው እንደ ባሪያ እንደሚያዩ፣ ሥልጣናቸውን የሚነካ እንግዳ እንደማይወዱ በግልጽ ተናገረ። ዘገባው የወርቅና የብር መስኮት ዘገባ ነው። ልዩነቱ በሁለቱም በኩል ያሉት ጥቁሮች መሆናቸው ነው። ጋርቬይ ሊሞን ላይ ይህን በዓይኑ ቢያይ ኖሮ ወዲያው ይገባው ነበር። ከኒው ዮርክ ሆኖ ግን አልገባውም። ዕቅዱ ሳይለወጥ ቀጠለ። ዘገባው ኋላ በላይቤሪያ መንግሥት እጅ ገባ። በ1924 መንግሥቱ የማኅበሩን ሰዎች አናስገባም አለ። በ1926 ለፋየርስቶን የጎማ ኩባንያ እስከ 1 ሚሊዮን ኤከር መሬት ለ99 ዓመት የሚያከራይ ውል ተፈረመ።

ጋርቬይ አፍሪካን ሳያይ ሞተ። በ1920 ግን የአፍሪካ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ተብሎ ነበር። ለተከታዮቹ ማዕረግ ሰጠ፣ የሠራዊት ልብስ አለበሰ። ይህ ክፍል ሎንዶን ላይ ካየው የግዛት ግርማ የተቀዳ ይመስለኛል። ያየውን አገር ሰው በሚገባ ተረዳው፤ ያላየውን በሎንዶን መልክ ሣለው።

እኛንም የሚነካ ነገር አለ። በ1936 አፄ ኃይለ ሥላሴ ከፋሺስት ወረራ ተሰደው ሎንዶን ሲገቡ ጋርቬይ እዚያው ነበር። በሚያወጣው መጽሔት አጥብቆ ነቀፋቸው። አገሩን ትተው ወጡ፣ ሕዝቡን ለዘመናዊ ጦርነት አላዘጋጁም አለ። ከነቀፋው ውስጥ ኢትዮጵያውያንም ያን ጊዜ የተናገሩት አለ። ግን የማይጨውን የጋዝ ቦምብ የቀመሱ ሰዎች ሲናገሩትና ከሩቅ ሆኖ መናገሩ አንድ አይደለም። ብዙ ደጋፊዎቹም አዘኑበት።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ለራሴ የያዝኳቸው ነገሮች አሉ። ስለ ሥራም፣ ስለ ማደራጀትም፣ ስለ ስደትም ይሆናሉ።

አንድ ቦታ አይተህ አትደምድም። ጋርቬይ ጃማይካ ብቻ ቢቀር ምናልባት ጥሩ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች መሪ ይሆን ነበር። ፓናማን ሲያይ ነው ጥያቄው የሰፋው። ዛሬ ከቤሩት የተመለሰች ልጅና ከሪያድ የተመለሰች ልጅ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ያንኑ ነገር ሰምቻለሁ። የአሠሪዬ ክፋት ነው ትላለች አንዷ። ሁለተኛዋ ፓስፖርቷ እንዴት እንደተያዘ ስትናገር፣ ወሬው ከአሠሪዋ ወደ አሠራሩ ይዞራል። እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚወራበት ቦታ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

መዝግብ። የመዝጋቢነት ሥራው ቁጣን ወደ ማስረጃ ለወጠለት። ኮንሱሉ ጆሮ ባይሰጠውም ያየውን አልረሳውም፤ ከዓመታት በኋላም ይጽፈው ነበር።

የወደቀውን ሥራ አትናቀው። ሦስት ጋዜጣ ከሽፎበታል። አራተኛው የውቅያኖሱን ሁለት ዳርቻ ያገናኘው በእነዚያ ልምድ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን፣ የላክኸው ሰው አይቶ የመጣውን እመን። ራስህ መሄድ ካልቻልክ የሄደው ሰው ዓይንህ ነው። የላይቤሪያው ዘገባ የጋርቬይ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሌላ ማንም ሊነግረው የማይችለውን ነገር፣ የራሱ ሰው፣ በጊዜው ነግሮት ነበር።

አዲስ አበባ የደረሰው

ከማኅበሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ የመጣ አለ። የመዝሙሩን ዜማ ከደረሱት አንዱ፣ የባርቤዶስ ተወላጁ ሙዚቀኛ አርኖልድ ፎርድ ነው። ከሃርለም ተነስቶ በ1930፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና በዓል ሰሞን አዲስ አበባ ገባ። መሬት አግኝቶ ወገኖቹን ማስፈር ነበር ሐሳቡ። ሐሳቡ እንዳሰበው አልሆነም። ኑሮው ቀላል አልነበረም፤ በሙዚቃው ይተዳደር ነበር። በ1935 ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ እዚሁ አረፈ። ባለቤቱ ግን አልተመለሱም። ልጆቻቸውን እዚሁ አሳደጉ፣ ከወረራው በኋላም አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ስሙ ልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ነበር።